የማንያህልሻል ጥቁር ቀሚስ

ሻሺቱ የጥቁሩን ቀሚስ ወገብ በምላጭ እየፈታች ነበር። ክሩ ዘጠኝ ዓመት ላብ ሲጠጣ ኖሮ ደርቋል፤ ምላጩ ሲነካው እየተሰባበረ ጭኗ ላይ ይረግፋል። ብናኙን በመዳፏ ጠርጋ መሬት ትጥላለች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ስፌት ትሄዳለች። አልቸኮለችም።

ከአዳራሹ ጀርባ ያለችው የልብስ ክፍል መስኮት የላትም። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ የቆርቆሮው ሙቀት ወደ ታች ይወርዳል። በሩን ቆዳው በተቀደደ ከበሮ ደግፋ ከፍታዋለች፤ ነፋስ ግን የለም። የሚገባው ከአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያ በኩል የሚመጣ የባጃጅ ጥሩምባ ብቻ ነው።

ኑሃሚን እጆቿን ወደ ጎን ዘርግታ ፊቷ ቆማ ትጠብቃለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ሲቀላ ተወልዳ ያደገች። ከቅዳሜ ጀምሮ ይህን ቀሚስ የምትለብሰው እሷ ናት።

"ስንት ይጠባል ሻሺዬ?"

"አራት ጣት በዚህ፣ አራት ጣት በዚያ።"

"ስምንት ጣት! ይሄን ሁሉ ወገብ የት ታደርጊው ነበር?"

"ያንቺ ወገብ ነው የት እንደገባ የሚጠየቀው። ዝም ብለሽ ቁሚ፤ መርፌ ይወጋሻል።"

ባለ መርገጫው የስፌት መኪና ጥግ ላይ ነበር። ሻሺቱ ወደ እሱ አልሄደችም። ጨርቁን በሁለቱም ጎን አጥፋ በእጇ፣ በነጭ ክር፣ ጣት ጣት በሚያህል ርቀት ሰፋችው። ትርፉን ጨርቅ አልቆረጠችም። ቢጠይቋት ለልምምድ ያህል ነው ትላለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ የነጩ ክር ጫፍ አንዴ ቢሳብ ቀሚሱ ወደ ሻሺቱ ልክ ይመለሳል። ይህን እሷ ብቻ ታውቃለች።

ቀሚሱ የማንያህልሻል ነው። ማንያህልሻል በአንድ የድሮ ልብ ወለድ ውስጥ ያለች ሴት ናት፤ በጊዜው አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ አንብቧታል። በዘፈንና በእልልታ ታገባለች፤ ደርሶ የሚባለው ባሏ በድንበር ጠብ ይሞታል፤ እሷ ግን ቤቱን ለቃ አትሄድም፣ ደጃፉ ላይ ታረጃለች። ጋሽ ብርሃነመስቀል ከደብረ ማርቆስ መጥተው አርባ ምንጭ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አማርኛ ሲያስተምሩ ይህን መጽሐፍ ሠላሳ ጊዜ አስተምረውታል። ጡረታ ሲወጡ ሙዚቃዊ ተውኔት አደረጉት። የመጽሐፉ ሰዎች በትከሻ የሚጨፍሩ ናቸውና፣ ከወገብና ከእግር የሚጨፍሩትን የጋሞ ልጆች ሰብስበው ስድስት ወር ሙሉ ትከሻ አስተማሩ። ከሁሉ የቆየችው ሻሺቱ ናት። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ደርሶ ሲሞት መጽሐፉ ውስጥ ያለችው አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ማንያህልሻል አለቀሰች ትላለች፣ በቃ። ጋሽ ብርሃነመስቀል ከዚያች ዓረፍተ ነገር የሰባት ደቂቃ ጭፈራ አወጡ። ደረት መምታት ነበረው፣ መንበርከክ ነበረው፣ የእርምጃ ቆጠራ ነበረው።

በመጀመሪያው ትዕይንት ቀን ሻሺቱ ሁሉንም ረሳችው። ከዚያ ቀን ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አባቷ ደጋ ላይ፣ ጨንቻ፣ ሞተው ነበር። መልእክቱ የደረሳት ልምምድ ላይ ሳለች ነው፣ ያውም ዘግይቶ። ሽቅብ ወጥታ ስትደርስ ቀብሩ አልቋል፣ የለቅሶው ሜዳ ባዶ ነው፤ ሰው ሁሉ ገበያ ወርዷል። ሣሩ ተረጋግጦ ተኝቶ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ ብቻዋን ትንሽ ቆመችና ተመለሰች።

በእነሻሺቱ መንደር ሐዘንተኛ ሴት ቁጭ ብላ አታለቅስም። እጇን ወደ ላይ አንሥታ ወደ ለቀስተኛው ትሮጣለች፤ እፊቱ ስትደርስ ትቆማለች። ከተቀመጡት አንዱ ተነሥቶ "በቃሽ" ካላላት ወደ ኋላ አትመለስም። ማንም ሐዘንተኛ አቁሞ አይቀመጥም፤ ነውር ነው።

መድረክ ላይ ቆጠራው ሲጠፋባት እግሯ የሚያውቀውን አደረገ። ወደ ተመልካቹ ሮጠች፣ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆመች፣ ከዚያ መመለስ አቃታት። ሙዚቀኞቹ ግራ ገብቷቸው ያንኑ ዜማ ደጋገሙ። ከሁለተኛው ረድፍ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። "በቃሽ ልጄ" አሉ። ከዚያ ወንበሩ ሁሉ ተንኳኳ፤ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ነበር። ጋሽ ብርሃነመስቀል መጀመሪያ ሰው ጥሎ ሊወጣ ነው ብለው ደነገጡ፤ በማግስቱ ግን ቆጠራውን ሰርዘው ሩጫውን አስገቡት። ከዚያ ወዲህ መቶ አሥራ ሰባት ጊዜ ሮጣለች። መቶ አሥራ ሰባቱንም ጊዜ ሰው ተነሥቶላታል።

አሁን ቀኝ ጉልበቷ ውሃ ቋጥሯል። ሐኪሙ መሮጥ አቁሚ ብሏታል። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለች።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ ነበር። ዘካሪያስ፣ ደርሶን የሚጫወተው፣ ቃሬዛው ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ኑሃሚን በሠርጉ ጭፈራ ላይ ትከሻዋ እንደ ወንፊት ሲንቀጠቀጥ ሻሺቱ እንኳ ፈገግ አለች፤ እሷ እንዲህ አድርጋው አታውቅም። ከዚያ ለቅሶው መጣ። ኑሃሚን ሮጠች፣ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆመች፣ ስምንት ቆጠረች፣ ዞረች። ንጹሕ ነበር። ሥራ ፈተው ሊያዩ ከገቡት አሥር ያህል ሰዎች አንዱም አልተነሣም። አንደኛው ስልኩን ያያል።

"አቁሙ!" አሉ ጋሽ ብርሃነመስቀል። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "ኑሃሚን ጥሩ ነው። ሁሉም ጥሩ ነው። ምን እንደጎደለ ግን… ይኼ ደግሞ ምንድን ነው የሚያንኮራፋው?"

"ዘካሪያስ ነው ጋሼ" አለች ኑሃሚን።

ዘካሪያስ አንድ ዓይኑን ገለጠ። "ጎህ ሳይቀድ ጫሞ ሐይቅ ወርጄ ዓሣ ጭኜ መጥቻለሁ። ሬሳ ካልተኛ ማን ይተኛ?"

"ቆሮሶ ዓሣም ትሸታለህ።"

"ባልሽ ነኝ፤ ቻዪው።"

ሙዚቀኞቹ ሳቁ። ጋሽ ብርሃነመስቀል አልሳቁም። ወደ ሻሺቱ ዞሩ።

"አንቺ ምን ነበር የምታደርጊው? እስቲ ንገሪያት።"

"እሮጣለሁ፣ እቆማለሁ፣ እመለሳለሁ።"

"እሷም ያንኑ ነው ያደረገችው።"

"እንግዲህ" አለች ሻሺቱ።

ጋሽ ብርሃነመስቀል ወደ ጎን ወስደዋት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ሦስት ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ እዚያ ለሚደረገው የቴአትር ሳምንት የሚመርጡት አንድ ሥራ ብቻ ነው። "ተመልካቹ መሀል ሦስት ሰው አስቀምጣለሁ" አሉ። "ዘበኛው፣ ትኬት ቆራጯ፣ አንቺ። ሦስተኛው ረድፍ ትቀመጫለሽ። ልጅቷ ስትቆም አንቺ ትነሻለሽ፣ እነሱ አንቺን አይተው ይነሣሉ፣ ሌላው ይከተላል።"

"በትእዛዝ የሚነሣ ለቀስተኛ?"

"ምን ላድርግ? ሌላ አለሽ?" መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "ቅዳሜ ለልጅቷ ካልሆነላትና ሥራው ግን ከተመረጠ፣ ጉልበትሽን መርፌ ተወግተሽም ቢሆን አዲስ አበባ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። አንድ ጊዜ ብቻ። ትችያለሽ?"

ሻሺቱ ቀሚሱን አየች። ነጩ ክር ከውስጥ ነው፤ ከውጭ አይታይም። "እችላለሁ" አለች።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ሁለቱ ሴቶች ከአዳራሹ ኋላ ማንጎው ሥር ተቀመጡ። ኑሃሚን የምሳ ዕቃዋን ከፈተች፤ እናቷ የሠራችላት ኩርኩፋ ነው፣ የበቆሎው ድብልብል ከሀለኮ ቅጠል ጋር ተቀቅሎ አረንጓዴ ሆኗል። ክዳኑ ላይ ግማሹን ለሻሺቱ ከፈለች።

"ሻሺዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?"

"ጠይቂ።"

"እኔ ሰው ሞቶብኝ አያውቅም። አያቶቼም አሉ። እዛ ጫፍ ላይ ስቆም ማንን እንደማለቅስ አላውቅም፤ ስለዚህ እቆጥራለሁ።" ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አንቺ ማንን ነው የምታዪው?"

ሻሺቱ ልትመልስላት አልፈለገችም። ማንንም ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። ነገር ግን ይህን ነገር ዘጠኝ ዓመት ብቻዋን ይዛዋለች፤ ዛሬ ደግሞ ከጉልበቷ ይልቅ እሱ ከበዳት።

"ማንንም አትዪ" አለች። "አትቁጠሪ። ሰው እስኪነሣልሽ ድረስ አትዙሪ።"

"ይኼው ነው?"

"ይኼው ነው።"

"ካልተነሡስ?"

"ትጠብቂያለሽ።"

"እሺ ከዚያስ?"

"ከዚያማ የለም። ትጠብቂያለሽ ነው የምልሽ።" ሻሺቱ ክዳኑን መለሰችላት። "አንዴ ጂንካ ላይ ሙዚቀኞቹ አራት ጊዜ ደገሙት። አምስተኛው ላይ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ተነሣች። ማልቀስ ሳይሆን መጠበቅ ነው የሚያደክመው። ጭፈራው ምንም አይደል።"

ኑሃሚን ክዳኑን ተቀብላ ቀና አለች። "ለጋሼ ለምን አልነገርሻቸውም?"

ሻሺቱ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። "ብይ፤ ይቀዘቅዛል" አለቻት።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። መግቢያው ነጻ ስለነበር ከገበያ የሚመለሰውም ከፀሐይ ሊያመልጥ ገብቷል። ገምጋሚዎቹ ከፊት ረድፍ፣ የታሸገ ውሃና ወረቀት ፊታቸው ተደርድሮ። ሻሺቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ተውኔት ከፊት ለፊት አይታው አታውቅም። ወንበሩ ጠባብ ነው፤ ጉልበቷን የምታስገባበት አጣች።

ከጎኗ አንዲት ወፈር ያለች ሴት ማንጎ የሞላ ዘንቢል በእግሮቿ መሀል አቁማ ተቀመጠች። ወደ ምዕራብ ዓባያ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ነው የገባችው። ገና መብራቱ ሳይጠፋ ይህን ሁሉ ለሻሺቱ ነግራታለች። ተውኔቱ ሲጀመርም ዝም አላለችም።

"ትከሻቸው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚንቀጠቀጠው?"

"ሠርግ ነው" አለች ሻሺቱ።

"በእግር አይችሉም?"

"የመጽሐፉ ሰዎች እንዲህ ነው የሚጨፍሩት።"

"ደክሟቸው ይሆናል" አለች ሴትዮዋ በአዘኔታ። ደርሶ በቃሬዛ ሲገባ ደግሞ ወደ ፊት ዘመም ብላ አየች። "ይኼ ሰውዬ ጠዋት ዓሣ ሲሸጥልኝ አልነበር?"

ከፊት ያሉት ዞረው ዝም በሉ አሉ። ሻሺቱ ሳቋን ዋጠች። ከዚያ ከበሮው ቀስ አለ፤ የደርሶ ሞት ዜማ ተጀመረ። ሻሺቱ ይህን ዜማ በሰማች ቁጥር እግሯ ይዘጋጃል። አሁንም ተዘጋጀ። ተረከዟ ከወለሉ ተነሣ፤ እሷ ግን ተቀምጣለች።

ኑሃሚን በጥቁሩ ቀሚስ ወጣች። እጇን ወደ ላይ አንሥታ ሮጠች። መድረኩ ጫፍ ላይ ቆመች።

ሻሺቱ መነሣት ያለባት አሁን ነበር። በስተግራ ዘበኛው አንገቱን አስግጎ ያያታል። በስተቀኝ ትኬት ቆራጯ ቦርሳዋን ይዛ ተዘጋጅታለች። ኑሃሚን ቆማለች። አልቆጠረችም። ስምንቱ አለፈ፤ ሻሺቱ ሳታስበው በልቧ ቆጥራው ነበር። ሙዚቀኞቹ ዜማውን ደገሙት።

ጉልበቴ ነው ብላ አሰበች ሻሺቱ። ትንሽ ልረፍ።

ጉልበቷ አልነበረም። ዝም ብላ ከተቀመጠች ሁለቱም አይነሡም፤ ልጅቷ ትዞራለች፤ ሰኞ ነጩ ክር ይሳባል። ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም፤ መቀመጥ ብቻ። በዚህ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሁሉም የቀለለው ሥራ ይህ ነበር።

ዜማው ሦስተኛ ዙር ገባ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሰዓቱን አየ። የኑሃሚን ክንዶች በድካም መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ግን አላወረደቻቸውም። ዓይኗ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። የምታየው ሻሺቱን ነበር። ማንንም አትዪ ብላት ነበር፤ ልጅቷ አልሰማቻትም ወይም ሌላ የምታየው ሰው አላገኘችም። ፊቷ ላይ የተውኔት ነገር አልነበረም። በዚያ በጨንቻው ባዶ ሜዳ ላይ እንደቆመች ሰው ሆናለች።

ሴትዮዋ ሻሺቱን በክርኗ ጎሸመቻት።

"ምን ሆነሻል? ተነሺ እንጂ! ልጅቷ ቆማለች።"

"ተውኔት እኮ ነው" አለች ሻሺቱ። ለምን እንዲህ እንዳለች አታውቅም።

"አውቃለሁ። እሱም ዓሣ ሻጩ ነው፤ አውቃለሁ። እሷ ግን ቆማለች።" ሴትዮዋ በአንድ እጇ የሻሺቱን ትከሻ ተደግፋ፣ ከባድ ሰውነቷን ከወንበሩ አላቅቃ ቆመች። ዘንቢሉ ተገለበጠ፤ ማንጎው በወንበሮቹ ሥር ተንከባለለ። መጀመሪያ በጋሞኛ ተናገረች፤ ቀጥላ በአማርኛ ጮክ አለች። "በቃሽ ልጄ! በቃሽ!"

ከኋላ አንድ ወንበር ተንኳኳ። ከዚያ ሌላ። ቀጥሎ ድምፁ አንድ ላይ ሆነ። ዘበኛው ትእዛዙን ረስቶ ከሁሉም ጋር ተነሣ። በመጨረሻ በዚያ አካባቢ የተቀመጠችው ሻሺቱ ብቻ ነበረች፤ ፊቷ የሰው ጀርባ ሆነና ልጅቷ ጠፋቻት።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ክንዷን ያዘች። "ነይ፤ ልያዝሽ። እግርሽን ነው የሚያምሽ?"

"ጉልበቴን።"

"እኔንም" አለች ሴትዮዋ፤ ሳብ አደረገቻት። ሻሺቱ ቆመች። ከሰዎቹ ትከሻ በላይ የኑሃሚን ፊት ታያት። እነዚያ ሽማግሌ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ከሁለተኛው ረድፍ ያዩት እንዲህ ያለ ፊት መሆን አለበት። ይህን አስባ አታውቅም ነበር። የሚነሡትን ሰዎች ብቻ ነበር የምታየው።

"በቃሽ" አለች። ድምጿ ከአጠገቧ ሰው አላለፈም። ኑሃሚን ያኔ እጇን አወረደች፤ ዞራም ወደ ቃሬዛው ሄደች።

ገምጋሚዎቹ ተውኔቱ ሲያልቅ ብዙ አልተናገሩም። አንደኛዋ ረዘመ አለች፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢቀነስ ጥሩ ነው፤ ውጤቱን በደብዳቤ እናሳውቃለን አሉና ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። ሴትዮዋ መኪናዋ እንዳያመልጣት ማንጎዋን ለቅማ ሮጠች። ሁለት ፍሬ ለሻሺቱ ወንበር ላይ ትታላት ነበር።

ጋሽ ብርሃነመስቀል ልብስ ክፍሏ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ሸሚዛቸው ጀርባው ላይ ተጣብቋል። "ምነው እንደዚያ ዘገየሽ? ልቤ ልትቆም ነበር እኮ!"

"አልነሣም ብዬ ነበር።"

አዩዋት። ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። እሳቸውም ደክሟቸዋል። ከበሮው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። "አዲስ አበባ ከተመረጥን…" ብለው ጀመሩ።

"እሷ ናት" አለች ሻሺቱ። "ቆጠራውንም አይመልሱባት። ሰው እስኪነሣላት ትቁም።"

ኑሃሚን ቀሚሱን አውልቃ በክንዷ ይዛ መጣች። ጋሽ ብርሃነመስቀል ቦታውን ለቀውላት ወጡ፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም።

"ሻሺዬ፣ ቁጭ እንዳልሽ አየሁሽ። እንድጠብቅ ፈልገሽ ነው ብዬ ጠበቅኩ።"

"አይደለም" አለች ሻሺቱ። "እንዳይሆንልሽ ፈልጌ ነው።"

ኑሃሚን ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነበር። የሻሺቱን ፊት ስታይ ሳቋ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። ቀሚሱን አጠገቧ አስቀመጠችው።

"አሁንስ?" አለች በመጨረሻ።

"አሁን ደክሞኛል። ማንጎ ውሰጂ፤ ሁለት አለ።"

ኑሃሚን አንዱን ወሰደች፣ አንዱን ተወች። በሩ ላይ ዞር ብላ "ሰኞ ልምምድ ትመጫለሽ አይደል?" አለች። ሻሺቱ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ብቻዋን ስትቀር ቀሚሱን ገለበጠችው። ላቡ ገና አልደረቀም፤ የራሷ ያልሆነ ላብ ነው። ነጩ ክር ሩጫውን ችሏል፤ በግራ ጎን አንድ ቦታ ብቻ ላልቷል። ወደ ስፌት መኪናው ወስዳ ተቀመጠች፤ ጥቁር ክር አስገባች፤ መርገጫውን በጤነኛው በግራ እግሯ ገፋች። የቀኙን ጎን ሰፋች፣ የግራውን ሰፋች፤ እንዳይፈታ በሁለቱም ላይ ተመልሳ ሄደችበት። ነጩን ክር በአንድ ጫፍ ይዛ ሳበችው፤ ሳይበጠስ እስከ መጨረሻው ወጣ። ከዚያ መቀሱን አንሥታ አራት አራት ጣት የሆነውን ትርፍ ጨርቅ ከሁለቱም ጎን ቆረጠችው።

ቀሚሱን ወንበር ጀርባ ላይ አሰጥታ እስኪደርቅ ማንጎውን በላች። ሲደርቅ እጅጌውን ወደ ውስጥ መልሳ በአራት አጠፈችው፤ ሳጥኑ ውስጥ ከደርሶ ጋቢ ሥር አስገብታ ክዳኑን ዘጋችው።